«ጭምት» የተባለው ልጅ፦ በኦቲዝምና በስኪዞይድ መካከል የተገኘ አንድ ጉዳይ ከሰሜን ሸዋ

ታካሚው ከመንዝ ደጋ ወጥቶ ደብረ ብርሃን የሚኖር የ27 ዓመት ወጣት ነው። ማንነቱን ሊያሳብቅ የሚችል ነገር ሁሉ ተትቷል። ወደ ሥነ አእምሮ ክሊኒክ ያመጣችው ታላቅ እህቱ ናት፤ ያቀረበችውም ጉዳይ አጭር ነበር። የፋብሪካ የመጋዘን መዝጋቢነት ሥራውን ትቷል፤ ሦስት ወር ከቤት አልወጣም፤ ሰው ሲያናግረው አይመልስም። «ድሮም ጭምት ነው፤ አሁን ግን በዛ» አለች።

ይህን ጉዳይ ለሃያ ዓመት ሸሽጎ ያቆየው ጭምት የሚለው ቃል ነው። በእኛ አገር አንገቱን የሚደፋ፣ ሳይጠየቅ የማይናገር፣ ከእኩዮቹ ጋር የማይራገጥ ልጅ ይመሰገናል እንጂ ሐኪም ዘንድ አይወሰድም። ጎረቤት እንኳ «እንደሱ ያለ ልጅ ይስጠን» ይላል። ስለዚህ አዋቂ ሆኖ ሲመጣ ቤተሰቡ የሚያቀርበው የልጅነት ታሪክ ምስጋና ብቻ ይሆናል። መርማሪው ያንን ምስጋና ፈታትቶ ከሥሩ ምን እንደነበረ ካልጠየቀ በቀር የሚያየው ዛሬ ፊቱ የተቀመጠውን ዝም ያለ ሰው ብቻ ነው። ዝምታ ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ ከሰው መግባባትን በሚያከብደው በኦቲዝምም፣ ሰው ከሰው ርቆ ስሜቱ ቀዝቅዞ በሚኖርበት በስኪዞይድ የስብዕና መታወክም፣ በድባቴም፣ የሌለ ድምፅ በሚያሰማው በስኪዞፍሬኒያም ያው ዝምታ ነው።

መጀመሪያ የታየው በሌላ የጤና ተቋም ነበር፤ ስህተቱም የተጀመረው እዚያ ነው። «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማሃል?» ተብሎ ተጠየቀ። «አዎ» አለ። «መቼ ይብስሃል?» «ማታ»። «ምን ይልሃል?» ሲሉት ጥያቄው ግራ ገባውና ዝም አለ። ካርዱ ላይ «ድምፅ ይሰማል፣ ይዘቱን ይደብቃል» ተብሎ ተጻፈ፤ የስኪዞፍሬኒያ ጅማሬ ነው ተብሎም የዚሁ ሕመም መድኃኒት የሆነው ሪስፔሪዶን 2 ሚሊ ግራም ታዘዘለት፤ ከወር በኋላ 4 ሚሊ ግራም ደረሰ። በአራት ወር ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ አካሄዱ ይደርቅ ጀመር፤ ክብደቱ 6 ኪሎ ጨመረ። ዝምታው ግን ያው ነው።

በአማርኛ ድምፅ ማለት የሰው ንግግርም፣ የበር መንኳኳትም፣ የሽቦ እዝዝ ማለትም ነው። ይህ ወጣት ቃልን እንደተባለ የሚወስድ ሰው ስለሆነ የመለሰው እውነቱን ነው። ከቤቱ አጠገብ ያለው ትራንስፎርመር ሌሊት ሌሊት እዝዝ ሲል ይሰማዋል፤ ሌሎቹ አይሰሙትም። እህቱም ስትጠየቅ፣ ማታ ማታ ተነሥቶ የማቀዝቀዣውን ሶኬት እየነቀለ ወጥ እንዳበላሸ ተናገረች። በሁለተኛው ምርመራ ጥያቄው ተለወጠ፦ «ክፍሉ ውስጥ ሰው ሳይኖር፣ ስልክና ራዲዮ ሳይኖር፣ በቃል የሚያናግርህ አለ?» መልሱ አጭር ነበር፤ «የለም። ሰው ከሌለ ማን ያናግረኛል?» የሚከታተለው፣ ሐሳቡን የሚያነብበት፣ መልእክት የሚልክለት አካል እንዳለም አያምንም። ንግግሩ የተያያዘ ነው። በሕይወቱ አንድም የሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የመለየት፣ ወቅት አልተገኘም።

ከስኪዞፍሬኒያ ከወጣ በኋላ ካርዱ ላይ የተጻፈው ሁለተኛ ግምት ስኪዞይድ የስብዕና መታወክ ነበር። ይህ የሚናቅ ግምት አይደለም። ሁለቱ ስሞች ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ኦቲዝም የሚለውን ቃል የፈጠሩት ስዊዘርላንዳዊው ኦይገን ብሎይለር ሲሆኑ ቃሉ ያን ጊዜ ከስኪዞፍሬኒያ ምልክቶች የአንዱ፣ ወደ ውስጥ የመሸሽ፣ ስም ነበር። ሐኪሟ ግሩንያ ሱኻሬቫ ደግሞ በ1925 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ ስድስት ወንዶች ልጆችን «ስኪዞይድ» በሚል ስም ገልጠው ጻፉ፤ የልጆቹን ታሪክ ዛሬ የሚያነብ ባለሙያ የሚያየው ኦቲዝምን ነው። ሊዮ ካነር በ1943፣ ሃንስ አስፐርገር በ1944 ስለ ኦቲዝም የጻፉት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ የሁለቱ መደራረብ የሐኪም አለማወቅ ያመጣው ብቻ አይደለም፤ ከመነሻው የነበረ ነው።

ለሥራ የሚጠቅመው ግን መመሪያዎቹ ያስቀመጡት ቅደም ተከተል ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ማኅበር የምርመራ መመሪያ፣ ዲ.ኤስ.ኤም-5፣ ለስኪዞይድ ከሰባት ምልክቶች አራቱን ይጠይቃል፤ ከዚያም ምልክቶቹ በኦቲዝም ሂደት ውስጥ ብቻ የታዩ ከሆኑ አይቆጠሩም ይላል። ማለትም መጀመሪያ መመርመር ያለበት ኦቲዝም ነው። በተግባር የሚደረገው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰባቱን ቆጥሮ አራት ሲሞላ ማቆም። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መመደቢያ፣ አይ.ሲ.ዲ-11፣ ደግሞ ስኪዞይድ የሚለውን ስም ራሱን ትቶታል፤ የስብዕና መታወክን በክብደቱ ይለካና ከሰው መነጠልን እንደ አንድ ባሕርይ ያክልበታል።

ለኦቲዝም ሦስቱም የማኅበራዊ ግንኙነት ችግሮች መገኘት አለባቸው፦ የመቀባበል፣ ያለ ቃል የመግባባት፣ ወዳጅነትን የመመሥረትና የማቆየት። በተጨማሪ ከአራቱ የድግግሞሽ ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ፤ እነሱም ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ወይም አነጋገር፣ ለውጥን አለመቻል፣ በአንድ ነገር ከመጠን በላይ መጠመድ፣ የስሜት ሕዋሳት ምላሽ ከልክ በላይ መብዛት ወይም ማነስ ናቸው። ሁሉም ከልጅነት የጀመረ መሆን አለበት። ስኪዞይድ ይህ ሁለተኛው ክፍል የለውም። የስኪዞይድ ሰው ከሰው ይርቃል እንጂ የሱፍ ልብስ አያሳክከውም፣ የሥራ ፈረቃው ስለተለወጠ አይፈርስም። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙው ጊዜ የጠፋው በዚህ ክፍል ላይ ነው፤ መጥፋትም ነበረበት።

እናቱ ከገጠር እንዲመጡ ተደረገ። ቃለ መጠይቁ በሁለት ቀን፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። «በስንት ወሩ ተናገረ?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ዋጋ የለውም፤ የገጠር እናት በወር አትቆጥርም። ጊዜው የታሰረው እሳቸው በማይረሷቸው ነገሮች ላይ ነው፦ ክርስትና ከተነሣ፣ ጡት ከጣለ፣ ታናሹ ከተወለደ፣ ፊደል ከገባ በኋላ። ጥያቄውም የሚታይ ነገር እንዲሆን ተደረገ። «ጠቦት ሲዘል ቢያይ በጣቱ ጠቁሞ ዞሮ ያይዎት ነበር?» «የለም ልጄ፤ የሚፈልገውን ሲያሻው እጄን ይዞ ይጎትተኝ ነበር እንጂ።» እቃቃ አይጫወትም ነበር፤ እህቱ የጭቃ እንጀራ ስትሰጠው «ጭቃ ነው» ብሎ ይመልስላታል። የገበጣ ጠጠሮችን አይጫወትባቸውም፤ በመጠናቸው ይደረድራቸዋል፤ ሰው ሲያፈርስበት መሬት ላይ ይወድቃል። ስለ ኩኩሉ የተናገሩትን እናቱ እየሣቁ ነበር ያወሩት፤ ለምርመራው ግን ትልቅ ነገር ነበር። ከበረቱ ኋላ ተደብቆ ልጆቹ ጨዋታውን ትተው ከሄዱ በኋላ እስከ ማታ ቆየ። ለምን ሲሉት «ገና አላገኙኝም» አለ።

ከዚያ ባናው መጣ። መንዝ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከበግ ጠጉር በተሠራ ባና ወይም በዝተት ሳይሸፈኑ ማደር አይታሰብም። ይህ ልጅ ግን ባና ሲነካው ይጮኽ ነበር። ሌሊት ሌሊት ገፍፎ ይጥለዋል፤ እናቱ ነጠላ ከውስጥ አልብሰው ከላይ ሲደርቡበት ብቻ ይተኛል። ወጥ ከወጥ ጋር ከተነካካ አይበላም። ጉርሻ አይቀበልም፤ ይህም ዘመድ ቤት ብዙ ጊዜ አስቀይሟል። እናቱ ይህን ሁሉ «አመሉ» ይሉታል። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ ስለዚህ ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ችግሩ እስከ 26 ዓመቱ ያልፈነዳው ለምን እንደሆነም ከዚሁ ታሪክ ይገኛል። እስከ 10 ዓመቱ እረኛ ነበር። እረኝነት ብቻውን የሚዋልበት፣ ቀኑ በየቀኑ አንድ ዓይነት የሆነ ሥራ ነው፤ 30 የሚሆኑ በጎችን በመልካቸው ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ደስተኛም ነበር። ቀጥሎ የቆሎ ትምህርት ቤት ገባ፤ እዚያም ሕጉ የታወቀ፣ መቀመጫው የታወቀ፣ የሚባለው በቃል የሚጠና ነው። መጋዘን ሲቀጠር ሦስት ዓመት በአንድ ፈረቃ፣ በአንድ ጠረጴዛ ሠራ። ከዚያ ያለ ማስጠንቀቂያ የማታ ፈረቃ ላይ፣ ማሽኑ የሚጮኽበት ክፍል ውስጥ ተመደበ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መናገር አቆመ። መመሪያው ራሱ ምልክቶቹ ማኅበራዊው ጫና ከአቅም እስኪያልፍ ድረስ ሙሉ በሙሉ ላይታዩ ይችላሉ የሚለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

በመጠመድ ረገድ ታካሚው ያለው ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚሰላበት የቤተ ክርስቲያን ቀመር፣ ነው። ይህም ለመርማሪ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ባሕረ ሐሳብ የተከበረ ትምህርት እንጂ እንግዳ ነገር አይደለም። የ2016 ዓ.ም. አጽዋማት ሲጠየቅ ወዲያው የቀመሩን ቁጥሮች ጠርቶ ወንበር 10፣ አበቅቴ 20፣ መጥቅዕ 10፣ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 አለ፤ ትክክል ነው። ምልክቱ ስሌቱ አይደለም። ምልክቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፦ ሳይጠየቅ የሚቀጥሉትን ዓመታት እየተከተለ ለ35 ደቂቃ ቀጠለ፤ ሐኪሙ ሰዓት አየ፣ ካርዱን ዘጋ፣ ተነሣ፤ እሱ አላቆመም፤ «ለዛሬ ይበቃናል» ሲባል ብቻ በቃሉ መካከል አቆመ። ወራት ሙሉ ዝም ያለው ሰው ይህ ነው። ፊቱም በዚያ 35 ደቂቃ በራ። ደስታ የሚሰጠው ነገር የለም ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ስለዚህ ከሰባቱ የስኪዞይድ ምልክቶች አንዱ እዚያው ወደቀ።

የቀሩትን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል፤ ሁለቱ ግን ዘግየት ብለው መታየት አለባቸው። ብቻውን የሚሠራውን መምረጡና ከቤተሰብ ውጪ የቅርብ ወዳጅ አለመኖሩ እውነት ሆነው ቀሩ። ጋብቻ አይፈልግም የተባለው ሲጠየቅ የሚፈራው ሠርጉን ሆኖ ተገኘ፤ ድንኳኑን፣ ከበሮውን፣ ሚዜውን፣ መልሱን። «ሠርግ ባይኖርስ?» ሲባል አንገቱን ደፍቶ «እሱ ሌላ ነው» አለ። ምስጋናና ነቀፋ አይሰማውም ተብሎ ነበር፤ እህቱ ግን የፈረቃ ኃላፊው የተናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ደብተሩ ላይ 14 ጊዜ ጽፎ አግኝታለች።

ዘግየት የሚያሰኘው አንደኛው «ጓደኛ ትፈልጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ስኪዞይድን ከኦቲዝም የሚለየው መፈለግና አለመፈለግ ነው ተብሎ ይነገራል፤ በጥቅሉ ልክ ነው። ነገር ግን ኦቲዝም ያለበት ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ሰላምታው ሲሣቅበት፣ ቀልዱ ዘግይቶ ሲገባው ሲያፍር ቆይቶ «አልፈልግም» ይላል፤ በቀጥታ ቢጠየቅ መልሱ ከስኪዞይድ ሰው መልስ አይለይም። ይህም ወጣት መጀመሪያ «አልፈልግም» ነው ያለው። ጥያቄው ወደ ድሮ ሲወሰድ፣ «ከሰው ጋር መሆን ያልከበደህ ጊዜ ነበረ?» ሲባል ግን፣ በቆሎ ትምህርት ቤት ሳለ አብሮት ቃል የሚያጠና አንድ ልጅ ተናገረ። ልጁ ወደ ደሴ ከሄደ 12 ዓመት ሆኖታል። የሄደበትን ቀን በቀኑ ስም፣ በወሩ፣ በበዓሉ ጠርቶ ነገረን፤ «ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም» አለ። አለመፈለግ እንዲህ አያስታውስም።

ሁለተኛው ለቅሶ ነው። አባቱ ሲሞቱ 22 ዓመቱ ነበር። አላለቀሰም፤ ደረቱን አልመታም፤ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ የምሰሶዎቹን ገመድ ይቆጥር ነበር። ዘመድ «ልቡ ድንጋይ ነው» አለ፤ የመጀመሪያው ካርድም «ስሜቱ የቀዘቀዘ» ብሎ ይህንኑ ደገመው። እናቱ የሚያውቁት ግን ሌላ ነው። ከቀብሩ በኋላ 11 ቀን እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል፤ ሌሊት ሌሊት በረት ለበረት ይዞር ነበር፤ ሆዴን አመመኝ ይል ነበር። ሐዘን መሆኑን አላወቀም። ስሜቱን በስሙ መጥራት የማይችል ሰው በሰውነቱ ያዝናል። የፊት መድረቅና የልብ መድረቅ የተለያዩ ናቸው፤ አገራችን ውስጥ ደግሞ ሐዘን በአደባባይ የሚታይ ስለሆነ ያላሳየ ሰው እንዳልተሰማው ይቆጠራል። ይህ ፍርድ በታካሚው ላይ ለአምስት ዓመት ከብዶ ኖሯል።

ስለ ዓይን አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ዓይን ለዓይን አለማየት እዚህ አገር ብቻውን ምልክት አይደለም፤ ታላቅን ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው። መታየት ያለበት እኩያውንና ከሱ የሚያንሰውን እንዴት እንደሚያይ ነው። ይህ ወጣት የእህቱን የአራት ዓመት ልጅም አያይም፤ ሲያወራም እጁን፣ ራሱንና ፊቱን ከቃሉ ጋር አያስማማም። ምሳሌያዊ አነጋገር ማስፈታትም አያስተማምንም፤ እሱ በመቶ የሚቆጠሩትን ከነትርጉማቸው በቃሉ ያውቃል። የከበደው ያልተጠና ቀልድ ነው። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «አራት ጊዜ ነቃሁ» ብሎ የሚመልሰውም ሰላምታው ጥያቄ መስሎት ነው። በራስ የሚሞሉ የኦቲዝም መጠይቆችም እዚህ ብዙ አልታመኑም፤ ብቸኝነትን ስለሚቆጥሩ ለስኪዞይድ ሰውም ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጣሉ።

የመስማት ምርመራውና የታይሮይድ ዕጢው የደም ምርመራ (ቲ.ኤስ.ኤች) ደህና ወጣ፤ የሚጥል በሽታ ታሪክ የለውም። የድባቴ መለኪያው ፒ.ኤች.ኪው-9 ላይ 13 አመጣ፤ መካከለኛ ድባቴ ነው። ስለ ሞት ሐሳብ የሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ 1 ስለመለሰ ራስን ስለማጥፋት በግልጥ ቃል ተጠየቀ፤ እንዲህ ያለውን ሰው በዘወርዋራ መጠየቅ አደጋ ነው። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ነበረው፤ ዕቅድ አልነበረውም። መደምደሚያው ኦቲዝም፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና የቋንቋ ጉድለት የሌለበት፣ ከድባቴ ጋር የሚል ሆነ። ስኪዞይድ አልተጨመረም፤ ከሰባቱ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነዚያም በኦቲዝሙ የሚገለጡ ናቸው።

ሪስፔሪዶን በአንድ ጊዜ አልተቋረጠም። ሁለት ሳምንት 3፣ ሁለት ሳምንት 2፣ ሁለት ሳምንት 1 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ማቆም፤ በየሁለት ሳምንቱ እንቅልፉ፣ የአፍና የእጅ እንቅስቃሴው፣ ሐሳቡ ታየ። መንቀጥቀጡ ጠፋ፤ አዲስ ምልክት አልመጣም። የድባቴ መድኃኒቱ ፍሉኦክሴቲን የተጀመረው ይህ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ፍሉኦክሴቲን የሪስፔሪዶንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። በ10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ 20 ሆነ። ይህ በሐኪም ክትትል ብቻ የሚደረግ ነው።

ከመድኃኒቱ ይልቅ የጠቀመው ዙሪያውን መለወጥ ነበር። ለአሠሪው በሕክምና ደብዳቤ አራት ነገር ተጠየቀ፦ የቀን ፈረቃ ብቻ፣ የሥራ ድርሻው በአንድ ገጽ በጽሑፍ፣ ለውጥ ካለ ከሳምንት በፊት ማስታወቅ፣ የጆሮ መሸፈኛ። ፈቀዱ። ቤት ውስጥ ባናው ከሥሩ ጥጥ አቡጀዲ ተሰፋለት። ጉርሻ እንዳይቀርብለት ቤተሰቡ ተስማማ። ለሰላምታ አንድ መልስ ተጠና፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም። ጸበል መሄድም አልተከለከለም። ቀድሞ በበዓል ቀን፣ በሺህ ሰው መካከል ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስበት ጮኾ ወድቆ «ያዘው» ተብሎ ነበር። አሁን በአዘቦት ቀን ማለዳ ይሄዳል፤ ከመጠመቅ ይልቅ ይጠጣል፤ በንስሐ አባቱም ፈቃድ ነው።

ያልሠራም ነበር። እህቱ በቅን ልብ «ሰው ይልመድ» ብላ በየቀኑ ጎረቤት ለቡና ትጠራ ጀመር፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። በአምስተኛው ቀን በሩን ቆልፎ ተኛ፤ ሥራም ሦስት ቀን ቀረ። ስህተቱ መጠኑ ላይ ነው፦ ለሱ ሰው ማለት ድካም ያለበት ደስታ ነው፤ ከድካሙ የሚያርፍበት ጊዜ ካላገኘ ደስታው ይጠፋል። ስምምነቱ ተለወጠ፤ እሑድ ብቻ፣ አቦል ብቻ፣ ስኒውን ሲያስቀምጥ ማንም «ተቀመጥ» አይለውም። ይህ ጸና። ታካሚው ስኪዞይድ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል እንኳ መግፋት አያስፈልግም ነበር፤ ያ ሰው የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ እንዲተዉት ነው። የሁለቱን ስም መለየት ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል።

እድሩ ላይም መላ ተገኘ። ለቅሶ ቤት መቀመጥ ይከብደዋል፤ መቅረት ደግሞ ያስቀጣል፣ ያስወቅሳልም። የእድሩ ጸሐፊ በዕድሜ ስለደከሙ መዝገቡን እሱ እንዲይዝ ተጠየቀ። አሁን በድንኳኑ ጫፍ ጠረጴዛ ይዞ የመጣውንና የተዋጣውን ይመዘግባል፤ ማንም አልቀስ አይለውም፤ በመዝገቡም እስከ አሁን የሳንቲም ስህተት አልተገኘበትም።

ፒ.ኤች.ኪው-9 በሦስተኛው ወር 8፣ በስድስተኛው 6፣ በዘጠነኛው 5 ሆነ፤ ዘጠነኛው ጥያቄም 0። አሁንም ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ ካርዱ ላይም ይህ እንደ ሕመም አልተጻፈም። በዘጠነኛው ወር ቀጠሮ ላይ እህቱ የደሴውን ልጅ ስልክ በዘመድ በኩል አግኝታ ነበር። ሁለት ሳምንት ወረቀቱን ኪሱ ይዞ ዞረ። ከዚያ ደወለና ስለ ጤናው ሳይጠይቀው የዚያን ዓመት መጥቅዕ ስንት እንደሆነ ጠየቀው፤ ልጁም መለሰለት።